ገመድ ይዞ የመጣው አሰልጣኝ

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ቅርጫት ኳስ የት እንደተማርኩ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ዲላ ስላቸው አያምኑኝም። አሰልጣኛችን ማን እንደነበረ ስነግራቸው ደግሞ፣ በዘመኑ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ የታወቀ ተጫዋች ስለነበር፣ “እሱ እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?” ይሉኛል። እኛም ያኔ የጠየቅነው ይህንኑ ነበር። እነሱ የሚጠይቁት ተገርመው ነው፤ እኛ ግን የጠየቅነው ተጠራጥረን ነበር።

የመጣው እኔ አሥረኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ በመስከረም ነው። ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ “አዲሱ የስፖርት አስተማሪያችሁ” ብለው ሲያስተዋውቁት ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከባንዲራው ሥር ቆሞ ነበር። በጣም ረጅም ነው። ሲራመድ ቀኝ እግሩን በደንብ አያጥፈውም። ገና ከሩቅ ሳየው የመጣብኝ ሐሳብ፣ ይህን የሚያህል ሰው ቦታ ጠፍቶበት አይደለም እኛ ጋ የመጣው የሚል ነበር።

ሜዳችን አቧራማ ነበር። ሁለት የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ብረት ሠሪ የቀጠቀጣቸው ሁለት ቀለበቶች ተሰቅለዋል፤ አንደኛው ወደ ምድር ያዘነበለ ነው። ከእሱ በፊት እንደፈለግን እንራወጥ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ያደረገው ኳሷን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። ለሳምንታት እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ ጉልበታችንን ሰበር አድርገን ወደ ጎን ስንንሸራተት ከረምን።

“ጋሼ፣ ኳሷ ታማለች እንዴ?” አለው ጓደኛዬ አንድ ቀን። ይህ ጓደኛዬ የባለሱቅ ልጅ ነው። አጭር፣ ፈጣንና አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር።

“እግርህ እስኪድን ትጠብቃለች” አለው አሰልጣኙ ሳይስቅ።

ኳሷ በመጨረሻ ስትወጣም አሰልጣኙ አልነካትም። በፊሽካና በጣት ብቻ ነበር የሚያሰለጥነን። “ክርንህን ዝቅ፣ ዓይንህን ወደ ላይ” ይላል እንጂ አንድም ቀን “እንዲህ” ብሎ ወርውሮ አላሳየንም። ጓደኛዬ ይህን ሊፈትን ፈለገ። አንድ ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ ፊቱን አዙሮ ሲያወራ “ጋሼ!” ብሎ ጮኸና ኳሷን በኃይል ላካት። አሰልጣኙ ዞር አለ፤ አያት፤ ደረቱን ወደ ጎን ሸሸት አድርጎ አሳለፋት። ኳሷ የመጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ መታች።

“ሂድ አምጣት” አለው፤ ንግግሩንም ቀጠለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ አቆመኝ።

“አየህ? ተጫዋች ኳስ ስትመጣበት እጁ ሳያውቀው ይዘረጋል። ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ ኳስ ይዞ አያውቅም።”

“ታዲያ የሚነግረንን ሁሉ ከየት አመጣው?”

“ተምሮ ነዋ! ሰው የላከው ሰው ተምሮ ነው የሚመጣው።”

የሚነግረን ነገር ራሱ ለማመን የሚከብድ ነበር። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለክበቡ እንዲጫወት ብሎ ቀጥሮት እንደነበር ይነግረናል። በወረቀት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ነገር ግን አንድም መዝገብ ገልጦ አያውቅም። ጠዋት ይለማመዳል፣ ከሰዓት ይተኛል፣ ወሩ ሲያልቅ ፈርሞ ደመወዙን ይወስዳል። ከቡድኑ ጋር ካይሮ ድረስ ሄዷል። ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳና አሰልጣኝ ሆነ።

“ለመጫወት ደመወዝ!” አለ ጓደኛዬ። “አባቴ ይህን ቢሰማ ሱቁን ዘግቶ ኳስ ይዞ ይወጣል።”

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ገበያው ዳር ቆሞ ከየኮረብታው የሚወርደውን ሰው ሲመለከት እናየዋለን። ምንም አይገዛም። ክፍል ውስጥም ቤታችን የት እንደሆነ፣ ስንት ወንድሞች እንዳሉን፣ አባቶቻችን ምን ያህል እንደሚረዝሙ ይጠይቃል። ጓደኛዬ ነገሩን በአንድ ቃል ጠቀለለው፦ ጆሮ ጠቢ ነው። ከክፍሉ ረጅሙ እኔ ስለነበርኩ ከሁሉም ይልቅ የሚጠይቀው እኔን ነበር። ስለዚህ ከሁሉም ይልቅ የፈራሁት እኔ ነኝ።

በጥቅምት አባቴ ቆጮ ይዞልኝ ከመንደራችን ከዱመርሶ መጣ። አባቴ አማርኛን የተማረው በገበያና በፍርድ ቤት ነው፤ ስለዚህ አማርኛ ሲናገር ወይ የሚከራከር ወይ የሚለማመጥ ይመስላል። እኔና እሱ የምንነጋገረው በጌዴኦኛ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አሰልጣኙ ከኋላዬ ወጣ፤ አባቴን ሲያይም ፊቱ በራ። በዚያ በር ላይ ከቆመው ሰው ሁሉ ዓይን ለዓይን እኩል የሚተያዩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

“አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ቁመቱን ከማን እንዳመጣው አሁን ገባኝ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌታዬ።”

“ስንት ልጆች አሉዎት?”

“አንድ ነው፣ ጌታዬ። እሱ ብቻ።”

አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞረ። ብዙ ወንድሞች እንዳሉኝ በዚያው ሳምንት ነግሬው ነበር።

“አንድ ብቻ?”

“ሌሎቹ ትንንሽ ናቸው” አለ አባቴ ቀድሞኝ። “ አይቆጠሩም።”

“ቡናው እንዴት ነው ዘንድሮ?”

“ቡና የለኝም።” ይህን ሲል የጣቶቹ ጫፎች በቡና ፍሬ ጭማቂ ጠቁረው ነበር።

“ቤታችሁ ከመኪና መንገዱ ይርቃል?”

“በጣም ሩቅ። ገደል ነው። ሰው አይደርስበትም።”

ቤታችን ይርጋጨፌ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ለተቀመጠ ሰው በመስኮት ይታያል። ግን አባቴ የዋሸ አይመስለውም። እኛ አገር ከመንግሥት በኩል መጣ ለተባለ ጠያቂ ልጅም፣ ቡናም፣ ከብትም ይቀነሳል፤ መንገዱ ግን ይረዝማል። እኛም ይህን ከጸሎት ጋር አብረን የተማርነው ነው። ሐሰተኛ የሚባለው እውነቱን ቆጥሮ ለእንግዳ የሚናገር ነው።

አሰልጣኙ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። እየሳቀ የአባቴን እጅ አነሳና መዳፉን ከራሱ መዳፍ ጋር ገጥሞ ለካው። “ይገርማል!” አለ። አባቴ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ፤ ወደ ተከራየሁበት ክፍል እስክንደርስም መዳፉን እያገላበጠ ያይ ነበር።

“ለምንድን ነው የለካኝ?” አለኝ በሩን ዘግቶ።

“ለኳስ ነው። ትልቅ እጅ ይፈልጋል።”

“የእኔ እጅ ለኳስ ምን ያደርግለታል?”

ከዚያ የአጎቴን ነገር አነሳ። እኔ ሕፃን ሳለሁ ሰዎች መጥተው የአጎቴን ኮረብታ በገመድ ለኩት። ከመለካታቸው በፊት ግን በትሕትና ስለ ልጆቹና ስለ ቡናው ጠይቀውት ነበር፤ ቤቱ ገብተውም በልተዋል። ዓመት ሳይሞላ ኮረብታው የሌላ ሰው ርስት ሆነ፤ አጎቴም በገዛ ቡናው ውስጥ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። አባቴ ፍርድ ቤት የተመላለሰው ለዚህ ነው፤ ያገኘውም ያንን አማርኛ ብቻ ነው።

“ይህ ሰው የቤታችንን ደጅ የረገጠ ቀን” አለኝ፣ “ደብተርህን ይዘህ ትመጣለህ። ትምህርቱ ይበቃል። ቡና እንለቅማለን።”

ከእኛ ኮረብታ አሥረኛ ክፍል የደረሰ ከእኔ በፊት አልነበረም። አባቴ እንደማይቀልድ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ አሰልጣኙን ከዱመርሶ ማራቅ ሆነ። እሱ ግን እንኳን ሊርቅ፣ በኅዳር መጀመሪያ ይርጋለም ላይ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲመርጠኝ “ወላጅህን ራሴ አስፈቅዳለሁ” አለ።

“ጋሼ፣ አሁን የቡና ለቀማ ነው። አባቴ ቤት አይገኝም።”

“እሑድስ? ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም?”

“ይሄዳል፤ ግን…”

“በቃ፣ እሑድ።”

ቀድሜው ቅዳሜ ወደ ቤት ሄድኩ። ለአባቴ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ግን ስነግረው የሚለውን ስለማውቅ፣ ምናልባት ላይመጣ ይችላል ብዬ ዝም አልኩ። እሑድ ከጸሎት ስንወጣ ግን እዚያው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ከብት የሚሰማራበት ሜዳ አለ። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ በዚያ ሜዳ ጥግ ላይ ችካል እየተከለ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ገመድ ይወጥር ነበር።

መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ አላውቅም። “ገመድ! ገመድ መጣ!” የሚል ድምፅ ከአንዱ ኮረብታ ተነሣ፤ ሌላው ኮረብታ ተቀበለው። እንሰቱ መሐል ሰው ሲሮጥ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ጥቂት ቆይቶ ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞላ። እሑድ ስለሆነ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ ገጀራ ግን ይዘዋል። እኔም ዓይኔን ከገመዱ ላይ መንቀል አቃተኝ። ለአንድ ተማሪ ፈቃድ ለመጠየቅ ገመድ ምን ያደርጋል? ጓደኛዬ የተናገረው ሁሉ እውነት መሰለኝ።

አባቴ ከፊት ወጣ።

“ጌታዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?”

“አባባ! እንኳን አገኘሁዎት። ልጅዎን ለይርጋለም ውድድር ላስፈቅድ መጥቼ፣ ከጸሎት እስክትወጡ ሜዳ እየሠራሁለት ነው። በእረፍት ጊዜው እንዳይቦዝን።”

“ሜዳ?”

“ለኳስ።”

“ለኳስ መሬት ይለካል?”

“እንዴታ! ርዝመቱም ስፋቱም የታወቀ ነው እኮ።”

ሰዉ አጉረመረመ።

“የት ነው የታወቀው?” አለ አባቴ።

አሰልጣኙ ሊያረጋጋቸው ፈልጎ ይመስለኛል፣ ፈገግ ብሎ “በዓለም ሁሉ” አለ።

አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ያዙ። የከብቶቻችን ሜዳ ልክ በዓለም ሁሉ የታወቀ መሆኑን በጌዴኦኛ እየተቀባበሉ እስከ ኋላ አደረሱት፤ ኋላ ሲደርስ ሜዳው ተሽጧል ሆኖ ነበር።

“አስተማሪ አይደለም!” አለ ከጎን አንድ ጎልማሳ። “ኳስ ተጫዋች ነኝ ይላል አሉ። እስቲ ይሩጥ እንይ!”

“መሮጥ አልችልም” አለ አሰልጣኙ። የቱታውን እግር ጠቅልሎ ጉልበቱን አሳየን። ከላይ እስከ ታች የወረደ ወፍራም ጠባሳ ነበር።

“ጥይት ነው!” አለ ጎልማሳው።

“ጥይት አይደለም፤ ሐኪም ነው የቀደደው።”

“ሐኪም ምን ሊያወጣ? ጥይቱን ነዋ!”

ሳቅ ተነሣ፤ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ክቡ ጠበበ። አሰልጣኙ ያን ጊዜ ብቻ ገጀራዎቹን ያስተዋለ መሰለኝ፤ ቱታውን ወደ ታች መለሰና እጆቹን ወደ ጎን አንጠልጥሎ ቆመ። ያ ሁሉ ቁመት መሸሸጊያ አልነበረውም።

አባቴ በጌዴኦኛ ጠየቀኝ። “ኳስ ሲጫወት አይተኸው ታውቃለህ?”

ሰው ሁሉ ይሰማል። “አላየሁም” አልኩ።

አባቴ ዞሮ ሰዉን አየ። ከዚያ ወደ ችካሎቹ ሄደና አንድ በአንድ ነቀላቸው። ገመዱን በክርኑና በመዳፉ መሐል ጠምጥሞ ለአሰልጣኙ ሰጠው።

“ሜዳ አያስፈልገንም፣ ጌታዬ። ልጁ ግን ይሂድ። የፈለግህበት ውሰደው።”

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አሰልጣኙ ደጋግሞ አመስግኖ፣ እግሩን እየጎተተ ወደ መኪናው መንገድ ወረደ። ማንም አልነካውም፤ ማንም ግን አልሸኘውም።

ቤት ስንገባ አባቴ አስረዳኝ። “ብከለክለው ሌላ ይልካሉ፤ ያንን ደግሞ አናውቀውም። አንተ ከእሱ አጠገብ አትጥፋ። ማንን እንደሚያገኝ፣ ምን እንደሚል በየገበያው ቀን ትነግረኛለህ። የሚፈልገውን እስክናውቅ ድረስ ትምህርት ቤት ትቆያለህ።”

ትምህርቴ የተረፈው በዚህ ነው። በየቅዳሜው ገበያ አባቴ ጥግ ይዞኝ ይቀመጣል።

“ምን አለ?”

“እግራችሁን ሰፋ አድርጋችሁ ቁሙ አለ።”

“ለምን?”

“እንዳያልፉን።”

“እነማን?”

“ተጋጣሚዎቹ። በኳስ የሚገጥሙን።”

“ሌላስ?”

“ተጋጣሚው ወዲያ ወዲህ ሲል አትከተሉት፤ ሁሉም የቆመባትን ቦታ ይጠብቅ አለ።”

አባቴ ይህን አስደገመኝ። ትንሽ አሰበና፣ “ወይ በጣም ክፉ ሰው ነው፣ ወይ በጣም ጥሩ ሰው ነው” አለ። ቀጥሎ ማንን እንዳገኘ ጠየቀኝ። ያገኘው ብረት ሠሪውን ነበር፤ ያዘነበለውን ቀለበት ሊያስቃናው። አባቴ ብረት ሠሪውን ለብቻው ሄዶ ጠየቀው።

ይርጋለም ላይ አንዱን አሸንፈን በሌላው ተሸነፍን። በእኛ ቀለበት ሥር ግን ማንም በእኔ ላይ ዘሎ አላገባም። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አሰልጣኙ አጠገቤ ተቀመጠ። ያንን ያህል ቀርቦኝ ስለማያውቅ ደፍሬ ጠየቅኩት።

“ጋሼ፣ ኳስ ለምንድን ነው የማይነኩት?”

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ መለሰልኝ። “እጄ ከያዛት እግሬ ራሱ ይነሳል። ሐኪሙ ሌላ ዝላይ ከዘለልክ ምርኩዝ ነው ብሎኛል። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ኳስ ስትመጣ የምሸሸው እንደ ሱሰኛ ነው።”

ለአባቴ ይህንንም ነገርኩት። “ጥሩ ምክንያት ነው” አለ። “በጣም ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ምክንያት ያለው ሰው አስቦበት ነው።” እኔም ከአባቴና ከአሰልጣኙ መሐል ማንን ማመን እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበር።

ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሽጦ ካለቀ በኋላ፣ በመጋቢት አንድ ከሰዓት አሰልጣኙ አብሬው ዱመርሶ እንድሄድ ጠየቀኝ። ገመድ አልያዘም። ንጹሕ ሸሚዝና ኮት ለብሶ ነበር። አባቴ ደጅ ላይ አገኘውና ቤት አስገባው፤ እንግዳው የቀረበለትን ምግብ እስኪጨርስም ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሳም። ያን ቀን የሚወሰነው ነገር የእኔ ትምህርት እንደሆነ ከቤተሰቡ የማያውቅ አልነበረም። እናቴ እንኳን ጓዳ ሆና እህል መስፈሯን ትታ ነበር።

“አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት” አለ አሰልጣኙ። “ወደዚህ አገር ለማስተማር ብቻ አልመጣሁም።”

አባቴ ወደ እኔ አየ። አላልኩህም የሚል አስተያየት ነበር።

“የድሮ ክበቤ ነው የላከኝ። ጉልበቴ ሲጎዳ አላባረሩኝም፤ ሂድና ረጃጅም ልጆች ፈልግልን አሉኝ። ገበያ የምቆመው፣ ስለ ልጆች የምጠይቀው ለዚህ ነበር። አሁን አግኝቻለሁ። ልጅዎን አዲስ አበባ ይፈልጉታል። ይቀጥሩታል፤ እየሠራ ይማራል።”

“ምንድን ነው ሥራው?”

“በወረቀት ጸሐፊ ይባላል።”

“ምን ይጽፋል?”

“ምንም አይጽፍም፣ አባባ። ይጫወታል።”

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ በጌዴኦኛ ጀመረ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

“የሚፈልገው አንተን ነው?”

“እንደዚያ ነው የሚለው።”

“ከአንተ ሌላ? ሜዳውን? ቡናውን?”

“አልጠየቀም።”

“ወንድሞችህንስ?”

“እነሱ ገና አልረዘሙም።”

አባቴ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ከመስከረም ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ያን ጊዜ የለቀቀው መሰለኝ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ዓይኑን በጋቢው እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። “ልጅ ነው የፈለገው! ልጅ ብቻ!” አለ፤ እናቴ ከጓዳ ምን እንደተባለ ጮኻ ጠየቀች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። እምቢ እስኪል እየጠበቅሁ ነበር፤ ወይም ቢያንስ እስኪያስብ። የሚያጣው ነገር እኔ መሆኔን አንድ ሰው እንዲነግረው ፈለግሁ፤ ግን መሬቱ ከተረፈ በኋላ ይህን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

“አሥራ ሁለተኛን እዚሁ ዲላ ይጨርሳል” አለ በአማርኛ፣ በፍርድ ቤቱ ድምፅ። “ከዚያ በፊት አይነካም። ከዚያ በኋላ ወስደህ አጫውተው።”

“አሥራ ሁለተኛን ይጨርስ?” አለ አሰልጣኙ። ለረጅም ክርክር ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነበር፤ የያዛቸው ቃላት ሁሉ እጁ ላይ ቀሩ። “በቃ? እሺ አሉ ማለት ነው?”

“እሺ ነው፣ ጌታዬ። ብላ፤ ሌላም አለ።”

አባቴ ራሱ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘን፤ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ትንሹን ሳይቀር፣ ለአሰልጣኙ እያስጨበጠ። ከዚያ ዞሮ ወደ ላይ ሲወጣ ያንጎራጉር ነበር።

አሰልጣኙ አውቶቡሱን እየጠበቀ ወደ ኮረብታው አየ። ጥቂት ቆይቶም ወደ እኔ ጠጋ አለ።

“አባትህ ለምንድን ነው እንዲህ ቶሎ እሺ ያለው?”

“ደስ ብሎት ነው፣ ጋሼ።”

“በምን?”

ላስረዳው ሞከርኩ። ስለ አጎቴ ኮረብታ፣ ስለዚያ እሑድ፣ በየቅዳሜው ስለምሰጠው ወሬ ሳይቀር ነገርኩት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ።

“አይደለም” አለ። “አንድ የደበቃችሁኝ ነገር አለ።”